የኤሌክትሪክ ጊታር ጉርምርምታ፦ ከየት ይመጣል? በምን ማጥፋትስ ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጊታር ከሚጫወቱ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። "አምፑ ዝም አይልም፤ ኖይዝ ጌት ልግዛ?" ደብረ ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ዳንግላም ጥያቄው ያው ነው። አምፕ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሣጥን ነው፤ ኖይዝ ጌት ደግሞ ጩኸትን የሚዘጋ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። ፔዳሉ ከአዲስ አበባ ታዞ ይመጣል። ገንዘብ ይወጣበታል። ከዚያ ጣት ክር ላይ ሲያርፍ ጉርምርምታው አብሮ ይመለሳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለጊታር ጩኸት ገበያ ላይ ብዙ መድኃኒት አለ። የመዳብ ቴፕ አለ፣ ሃምባከር ፒካፕ (ፒካፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው) አለ፣ ኖይዝ ጌት አለ፣ የጊታሩን ድምፅ ወደ ሚክሰር የሚያስተላልፈው ዲአይ ቦክስ አለ። ስታብላይዘር ግዙ የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ የሚፈውሰው አንድ ዓይነት በሽታ ነው፤ ለሌላው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ወደ ማነጻጸሩ ከመግባቴ በፊት ድምፁን መለየት ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የምትሰሙት የቱን ነው?

የመጀመሪያው ወፍራም "እምምም" ነው። ይህ ከመብራቱ የሚመጣ ጉርምርምታ ነው። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጢስ ዓባይም ይምጣ ከበለስ፣ ሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ጆሯችን የሚሰማው ይህንኑ 50 ኸርዝና እጥፉን፣ 100 ኸርዝን ነው። ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ጊታሩን በደንብ ቃኙትና የወፍራሙን የኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ይዛችሁ ምቱ። ያ የጂ ኖታ 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከሱ ጋር ሊገጥም ምንም ሳይቀረው፣ ሁለቱ ተደርበው በሰከንድ ሁለቴ ያህል "ዋው ዋው" እያሉ ከተወዛወዙ ነገሩ የመብራት ነው።

ሁለተኛው ቀጭንና ሹል "ዝዝዝ" ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ከመብራት መስመር ይነሣል፤ ግን ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ ዲመር፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ያባብሱታል። ሦስተኛው "ሽሽሽ" ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው) ወይም የአምፑ ጌይን (የማጉያው መጠን) ሲከፈት አብሮ የሚከፈት ነው፤ ብልሽት አይደለም። ጌይኑን ትንሽ ቀንሱና ቮልዩሙን ጨምሩ። አራተኛው "ከሽ ከሽ" የሚለው ነው። እሱ የጃክ፣ የኬብል ወይም የቮልዩም ቁልፉ አቧራ ነው። ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማውን "ድርር ድርር" ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስልኩን ከኪስ አውጥቶ ማራቅ ይበቃል።

ከየት እንደገባ ማወቅ

አምፑ በርቶ እያለ የጊታሩን ኬብል ከአምፑ ንቀሉ። ጩኸቱ ካልጠፋ ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም። በተለይ አሮጌ አምፕ ላይ በ100 ኸርዝ የሚያጉረመርም ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያረጀ የፊልተር ካፓሲተር ነው። ይህን ለቴክኒሻን ስጡ። አምፑን ራሳችሁ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚገድል ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል፤ ቱብ ያለው አምፕ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ኬብሉን መልሱና የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። ቮልዩም ዜሮ ላይ ሲሆን ፒካፑ አምፑ ጋ አይደርስም። አሁንም ከጮኸ ኬብሉንና ጃኩን ያዙ። ዝም ካለ ግን ድምፁ የሚገባው ከጊታሩ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ቮልዩሙን ክፈቱና ጊታሩን እንደታጠቃችሁ በቀስታ ዙሩ። ወደ አንድ አቅጣጫ ስትዞሩ የሚቀንስ፣ ወደ ሌላው ሲሆን የሚጨምር ከሆነ ፒካፑ ማግኔታዊ ጉርምርምታ እየለቀመ ነው። ከአካባቢው ትራንስፎርመር፣ ከፍሪጅ ሞተር ወይም ከራሱ ከአምፑ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ ክሮቹን በእጃችሁ ንኩ። ስትነኩ "ዝዝዝ" የሚለው ከቀነሰ የጊታሩ የውስጥ ግራውንድ፣ ማለትም የሽቦዎቹ የጋራ መመለሻ መስመር፣ ደህና ነው፤ የጎደለው ልባስ፣ ማለትም ሽቦዎቹን ከውጭ ጩኸት የሚከላከለው ሽፋን ነው። ሰውነታችሁ እንደ አንቴና የለቀመውን ድምፅ በክሩ በኩል ወደ ግራውንድ እየሰደዳችሁት ነው። ስትነኩ ከጨመረ ግን ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደው ሊሆን ይችላል። ምንም ለውጥ ከሌለ ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ከብሪጁ ሥር የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ እዩ።

መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የምትሠሩት አንድ ሙከራም አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕ ወይም የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ያለው ሰው ተውሱ። ሰፈሩ ሁሉ በጨለመበት ሰዓት ጊታሩን ሰክታችሁ አዳምጡት። ከዚያ መብራት ሲመጣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። በጨለማው ዝም ብሎ መብራት ሲመጣ የሚጮህ ከሆነ ጊታሩን አትውቀሱት፤ ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ነው። አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ያዙት።

ኬብል፦ መጀመሪያ የሚመረጠው

ከሁሉም ርካሹ ኬብል ስለሆነ ከሱ እጀምራለሁ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ጃኩ በፕላስቲክ ተለብጦ የተዘጋ ነው። ሌላው ጃኩ በመዞር የሚፈታ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም የሚፈታውን ግዙ። ሱቁ ውስጥ "ጋሼ፣ ልፍታውና ልየው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትከፍቱት መሀል ላይ አንድ ሽቦ፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ መረብ የተጠለፈ መዳብ ታገኛላችሁ። መረቡ ጥቅጥቅ ካለ ጥሩ ነው። አምስት ስድስት ክር ብቻ በአንድ በኩል ተጠቅልሎ ካያችሁ መልሱት፤ "ዝዝዝ" የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ለስፒከር የሚሠራው ኬብል ጫፉ አንድ ዓይነት ቢመስልም መረብ የለውም። ለጊታር አይሆንም። ርዝመቱንም ከምትፈልጉት በላይ አታድርጉት። ለክፍል ሦስት ሜትር ይበቃል፤ ረጅም ኬብል ቀጭኑን ድምፅም ይበላል።

የመሬት ሽቦ፦ ዋናው ነገር

አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ትችላላችሁ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ድምፁን ስለሚቀንስ ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ስለሚያተርፍም ነው።

ብዙ ቤትና ብዙ አዳራሽ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም። ሶኬቱ ቢኖረውም ዲቫይደሩ ላይ ይቋረጣል። አንድ ሁሉን ተቀባይ የሚባለውን ዲቫይደር ከሶኬት ነቅላችሁ በጠመንጃ መፍቻ ክፈቱት። ውስጡ ሦስት ረጃጅም የመዳብ ሰሌዳዎች መኖር ነበረባቸው። ብዙዎቹ ውስጥ የምታገኙት ሁለት ነው። ከላይ የሚታየው ሦስተኛ ቀዳዳ ባዶ ነው፤ ከምንም ጋር አይገናኝም። ጠፍጣፋ ባለ ሦስት እግር የሆነውን የአምፕ መሰኪያ እዚያ ስትከቱ አምፑ ያለ መሬት ሽቦ እየሠራ ነው። ባለ ሁለት ክብ እግር ማገናኛ የምትጨምሩም ከሆነ ያው ነው። የተሻለው ዲቫይደር ቀዳዳው ክብ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ ላይ የብረት ከንፈር ያለው ነው። ከንፈሩ የመሬት ሽቦው ነው። ይህም የሚጠቅመው ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ራሱ የመሬት ሽቦ ካለው ነው።

መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሺያን ይህን በደቂቃ ይነግራችኋል። ፌዝ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው፣ ኒውትራል ደግሞ የሚመልሰው ሽቦ ነው። በፌዝና በመሬት መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራልና በመሬት መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ማንበብ አለበት። በፌዝና በመሬት መካከል መሀል ላይ የዋለለ ቁጥር ከመጣ ሽቦው አለ ማለት ይቻል ይሆናል እንጂ መሬት አልደረሰም።

ባለሙያው መሬት ውስጥ ዘንግ ይተክላል፤ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ያያይዛል። እዚህ ላይ የጎጃምን ወቅት አስቡ። ክረምት አፈሩ ሲርስ ዘንጉ በደንብ ይሠራል። ከጥር እስከ ግንቦት መሬቱ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል። በክረምት ዝም ያለው አምፕ በበጋ ማጉረምረም ሲጀምር ከአምፑ በፊት ዘንጉን እዩ። ዙሪያው ውሃ ማፍሰስ ይረዳል። ሲተከል ጠለቅ ብሎ እርጥብ አፈር ላይ መድረሱ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

አቋራጭ መንገድ የሚያሳይ ሰው ይመጣል። "ኒውትራሉን ከመሬቱ ጋር እዚሁ ሶኬት ላይ ላገናኝልህ" ይላል። እሺ አትበሉ። ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተቋረጠ ቀን የአምፑ ብረትና የጊታሩ ክር 220 ቮልት ይሆናሉ።

ማይክ ስትጠጉ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ የዚያን ምሽት ጨዋታ እዚያው አቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1972 ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ጊታሩን እንደያዘ በአግባቡ መሬት ያልያዘ ማይክ ነካ።

ሁለት መሬት ሲበዛ

የመሬት ሽቦ ኖሮም ጉርምርምታ ሊመጣ ይችላል። አምፑ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ አዳራሹ ጫፍ ካለ ሌላ ሶኬት ይሰካል። ከዚያ በመሀላቸው የድምፅ ኬብል ይዘረጋል። ሁለቱ መሬቶች ትንሽ ስለሚለያዩ ልዩነቱ በኬብሉ ልባስ በኩል ይፈሳል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህን ነው።

ሦስት መፍትሔ ይነገራል። አንዱ ሁሉንም ከአንድ ሶኬት መሳብ ነው። ነጻ ነው፤ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ሁለተኛው ባለ ትራንስፎርመር ዲአይ ቦክስ ነው። ግራውንድ ሊፍት የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑት የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ብቻ ያቋርጣል፤ የመብራቱን መሬት አይነካም። መድረክ ላይ አዘውትሮ ለሚሠራ ባንድ ከኖይዝ ጌት በፊት የሚገዛ ዕቃ ይህ ነው። ሦስተኛው የአምፑን መሰኪያ የመሬት እግር መቁረጥ ነው። ጉርምርምታው በርግጥ ይጠፋል። እሱን የሚያደርግ ሰው ግን የመድረክ ጓደኛውን ሕይወት እየቆመረበት ነው።

ልባስ ወይስ ሃምባከር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመዳብ ቴፕ "ዝዝዝ"ን ይገድላል፤ "እምምም"ን አይነካም። ሃምባከር ፒካፕ ደግሞ "እምምም"ን ይገድላል። ስስ መዳብ የ50 ኸርዝ ማግኔታዊ ጉርምርምታን ማቆም አይችልም። በመዞር የሚቀንስ ጩኸት ካላችሁ ቴፑ ላይ ገንዘብ አታውጡ። ክር ስትነኩ የሚቀንስ ጩኸት ካላችሁ ደግሞ ፒካፕ ከመቀየር ቴፕ ይቀድማል።

ለልባስ ሦስት ምርጫ አለ። በጣም የምመክረው ማጣበቂያው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የመዳብ ቴፕ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ቀለም ጠባብ ቦታ ላይ ይመቻል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባትና በደንብ ማድረቅ ይፈልጋል። የወጥ ቤት የአሉሚኒየም ፎይልም ይሠራል። ችግሩ ካውያና ሊድ አይዙትም፤ ሽቦውን በብሎን መያዝ ግድ ይሆናል። የትኛውንም ብትመርጡ የጊታሩን ሆድ ሙሉ በሙሉ ሸፍናችሁ ከግራውንዱ ጋር አገናኙት። ያልተገናኘ ልባስ ጥቅም የለውም። ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት የጃኩ የመሀል ምላስ መዳቡን አለመንካቱን እዩ። ኬብል ሲሰካ ምላሱ ወደ ውጭ ይለጠጣል። መዳቡን ከነካ ጊታሩ ጭጭ ይላል። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ኢንሱሌሽን ቴፕ ለጥፉባት።

ሃምባከርን የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለፓተንት ያቀረበው በዚሁ ችግር ተገፍቶ ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማግኔታቸውም አጠቃለላቸውም ተቃራኒ ነው። የክሩ ድምፅ ሁለቱ ላይ ይደመራል። ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ ግን እርስ በርሱ ይጣፋል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ሃምባከር አይገጥምም? ድምፁ ስለሚለወጥ ነው። ባለ አንድ ጥቅሉ ፒካፕ ጥርት ያለ ነው፤ ትዝታ ወይም ባቲ ሲጫወቱበት ከክራር አመታት ጋር ይቀራረባል። ሃምባከሩ ወፈርና ለስለስ ይላል። እኔ ለኛ ቅኝት ባለ አንድ ጥቅሉን አልለውጥም። ስትራት መሰል (ሦስት ፒካፕ ያለው) ጊታር ላላችሁ ደግሞ ነጻ መፍትሔ አለ። የፒካፕ መምረጫውን ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ አድርጉትና አዳምጡ። በአዳዲሶቹ ጊታሮች ብዙ ጊዜ የመሀሉ ፒካፕ ተገላብጦ የተጠቀለለ ነው። እዚያ ሁለት ቦታ ላይ ጉርምርምታው ይጠፋል፤ ድምፁም ያምራል። ከባድ ሮክ በዲስቶርሽን የምትጫወቱ ከሆነ ግን ሃምባከር ግዙና ተገላገሉ። ድምፁን ሳይለውጥ ጉርምርምታውን የሚያጠፋ፣ ጥቅሎቹ አንዱ ካንዱ በላይ የተደረቡበት ፒካፕም አለ፤ ዋጋው ግን ይበዛል።

ክራር ላይ ወይም ማሲንቆ ላይ የሚለጠፈው ፒዞ የሚባል ንዝረት ለቃሚ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ማግኔት ስለሌለው መዞር አይለውጠውም። ለሱ የሚያስፈልገው አጭር ባለ መረብ ኬብልና አጠገቡ የተቀመጠ፣ ድምፁን ቀድሞ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ነው።

የፔዳል መብራት

ፔዳሎቹን አንድ በአንድ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩ። በባትሪ ዝም ካሉ አዳፕተሩ ነው። አንድ አዳፕተር ለብዙ ፔዳል የሚያካፍለው ቅጥልጥል ኬብል ለሁለት ሦስት አናሎግ ፔዳል ደህና ነው። ዲጂታል ዲሌይ ወይም ሪቨርብ ሲቀላቀል ግን ቀጭን ፉጨት ይገባል። ያኔ እያንዳንዱ መውጫ ለብቻው የሆነ ፓወር ሳፕላይ ያስፈልጋል። ወይም ዲጂታሉን ለብቻው በራሱ አዳፕተር አድርጉት፤ ለብዙ ሰው ይኸው ይበቃል።

ኖይዝ ጌት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ኖይዝ ጌት ጩኸቱን አያወጣም። ሳትጫወቱ ሲሆን በሩን ይዘጋል፤ ስትጫወቱ ይከፍታል፤ ጩኸቱም አብሮ ይገባል። በከባድ ዲስቶርሽን ፈጠን ያለ ሪትም ለሚመታ ሰው በጣም ጠቃሚ ነው። ለትዝታ ግን ጠላት ነው። ኖታው እየሳሳ ሄዶ ሊጠፋ ሲል፣ የሚያምርበት ቦታ ላይ፣ ጌቱ ጭራውን ይቆርጠዋል። ከገዛችሁም የመጨረሻው ዕቃ ይሁን፤ የመቁረጫ ልኩንም ዝቅ አድርጉት።

ስታብላይዘር፣ ኢንቨርተርና ጀነሬተር

ስታብላይዘር ማታ ማታ የሚወርደውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ አምፑን ከጉዳት ያድናል። ለጉርምርምታ የተሠራ አይደለም። እንዲያውም ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ከጊታሩ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ይጨምርበታል። ኢንቨርተር ስትገዙ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ምረጡ። ሞዲፋይድ የሚባለው ርካሽ ቢሆንም የሚያወጣው መብራት ጥርሳም ስለሆነ አምፑ ውስጥ "ዝዝዝ" ይሆናል።

የጥር ሰርግ በድንኳን ከሆነ መብራቱ ከጀነሬተር ነው። የትንሽ ጀነሬተር ፍጥነት ጭነት ሲበዛ ይወርዳል። ስለዚህ የጉርምርምታው ኖታ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህን ስትሰሙ አምፑን አትጠርጥሩ። ከጀነሬተሩ አካል ወደ መሬት ዘንግ መተከሉን አረጋግጡ። የድንኳኑ ባለ ቀለም አምፖሎችና የባንዱ ዕቃ በተለያየ ዲቫይደር ይሁኑ። የመብራት ገመዱ የጊታር ኬብሉን ማለፍ ካለበት ጎን ለጎን አታስተኟቸው፤ በመስቀል አቋርጡት።